ቆርቆሮዬን ሊያወርዱልኝ ለተነሡት ኃላፊ

ለተከበሩ የወረዳችን የቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ አዲሱ መኪናዎም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋዬ ነው። እኔ ከፍርሃት በቀር ደኅና ነኝ።

ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ስለሆነ ለግድፈቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሰው ሁሉ እንዲያነበው በግልጽ መጻፌም ለድፍረት አይደለም፤ ለብቻዎ ብጽፍ ለብቻዬ እንዳልቀር ፈርቼ ነው። በቡና ጫካው ዳር ባሠሩት የእንግዳ ማረፊያ ምክንያት ላደረጉልን ሁሉ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ቱሪዝሙ ድሆችን የሚያሳትፍና ከድህነት የሚያወጣ መሆኑን በስብሰባ ስለነገሩን አመሰግናለሁ። ወጣቶቹ እንግዳ እንደሚያስጎበኙ፣ እኛ ሴቶች ማርና ቅርጫት እንደምንሸጥ ሰምተን አጨብጭበናል። እስካሁን የደረሰን ተሳትፎ መታየት ነው፤ እንግዶቹ ደጄ ላይ ቆመው ፎቶ ያነሡኛል፣ ማሬን ግን የሚገዛኝ የለም።

ሁለተኛ፣ ቤታችን ለእንግዳ ዓይን ባህላዊ እንዲመስል ቆርቆሯችን ወርዶ ሣር እንዲለብስ ስለወሰኑልን አመሰግናለሁ። የፊተኛው ሣር ክዳን ቤቴ ከነንብረቴ በእሳት እንዳለቀ፣ ይህን ቆርቆሮ የዕድሬ ሰዎች አዋጥተው እንደገዙልኝ፣ ምስማሩንም አንድ በአንድ የመታልኝ ጎረቤቴ ኩመራ እንደሆነ ሳይሰሙ የቀሩ አይመስለኝም። ድህነት ከቤቴ የወጣ የመሰለኝ ያን ቀን ነበር፤ ለካ ድህነቴ ለእንግዳ የሚያምር ኖሯል።

ሦስተኛውን የምጽፈው በሬን ዘግቼ ነው። ኩመራ በዚያው ስብሰባ ተነሥቶ፣ «ጌታዬ፣ የእርስዎ ቢሮስ መቼ ነው ሣር የሚለብሰው?» ብሎ ጠየቀ። ሰው ሣቀ፤ እርስዎም ሣቁ። በማግስቱ «ፀረ ልማት» ተብሎ በፖሊስ ተወሰደ። ለጢፋ የምትባለው ሚስቱ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ምሳ ይዛለት ብትሄድ «እዚህ የለም» ተብላ ከነምሳ ዕቃዋ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ መንደራችን ውሻ ሲጮኽ በሩን ይዘጋል፤ እኔም ወሬያችንን ለቀበሌ የምታደርሰው የአንድ ለአምስት ጠርናፊያችን «እንዴት አደሩ» ባለችኝ ቁጥር «ልማቱ ይመስገን» እላለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ሰኞ ሰዎችዎ መሰላል ይዘው እንደሚመጡ ተነግሮኛል። ክረምቱ ደርሷል፣ ብቻዬን የምኖር አሮጊት ነኝ፣ ቢሆንም አልከራከርም። አንድ ልመና ብቻ አለኝ። ቆርቆሮውን የሚያወርደው ኩመራ ይሁን። ምስማሩን የመታው እሱ ነውና ሳያበላሽ መንቀል ያውቅበታል። እሱ ከመጣ መሰላሉን ራሴ እይዛለሁ።

መኪናዎ በመንደራችን ባለፈ ቁጥር ከመቀመጫዬ የምነሣ፣ በልማቱ ያለልክ የተሳተፍኩ፣
ሙሉእመቤት
ሊሙ ገነት አጠገብ፣ ግንቦት 2005 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ማረፊያውን እንድጠርግ የተጠራሁ ዕለት ቀና ብዬ አየሁ። የእንግዶቹ ጎጆ ከላይ ሣር፣ ከሥሩ ቆርቆሮ ነው። ዝናብ እንዳይገባባቸው ስላሰቡላቸው እግዜር ይስጥዎ። ይህን በመጻፌ የሚወስደኝ ሰው ቢላክ ቤቴን ለማግኘት አይቸገርም፤ እስከ ሰኞ ድረስ ቆርቆሮ ክዳን ነው።