የአሰላው ጀጎልና የጅቡ ቀዳዳ

ውድ አባባ፣

ከባድ ዜና ስላለኝ ቁጭ ብለው ይስሙኝ፤ መቼም ተኝተው ነው ያሉት። ጀጎላችን ተይዟል። ጠላት በጠዋት ገብቶ አጥራችንን ከሥሩ ነቅሎታል።

ከተለዩን ክረምት አልፎ ሌላ ክረምት ሊገባ ነው፤ እስካሁን እንዲህ ያለ ነገር አልደረሰብንም። ጠላት የምልዎት የሮቤውን ግንበኛ ነው። ቆርቆሮውን አንስቶ በብሎኬት ሊያጥር መጣ። የጠራችው ደግሞ እማዬ ናት፣ የገዛ ልጅዎ! ሐረርን በቱርክ ባንዲራ የያዙት ግብፆች እንኳ መድፍ ጎትተው ነው የመጡት። የኛ ከተማ በአንድ ጋሪ ሲሚንቶ ወደቀች።

እርስዎ በጭነት መኪና ሲመላለሱ ያዩትን ሐረር አምጥተው አሰላ ግቢያችን ውስጥ ተክለውት አልነበር? የመንገዱ በር ሸዋ በር፣ የጓሮው ቡዳ በር፣ የበጎቹ ጉረኖ መዝጊያ ሳይቀር ኤረር በር። ድሮ ሐረር ሲመሽ በሮቹ ተዘግተው ቁልፉ ለአሚሩ ይገባ ነበር ስላሉን፣ እኛም ማታ ማታ ቁልፉን በሁለት እጃችን ለእርስዎ እናስረክብ ነበር። አሚሩ ጋቢ ደርበው፣ ሬዲዮ እየሰሙ ይቀበላሉ።

የሐረር ግንብ ግን ለጅብም ቀዳዳ አለው፤ ገብቶ የተጣለውን በልቶ እንዲወጣ። እኛም ነበረን፣ ባሕር ዛፉ አጠገብ፣ ከአጥሩ ሥር። አምሽቼ በዚያ ስሾልክ ኮሽታዬን ሰምተው “ጅቢት ገባች!” ይሉና ሳይቆጡኝ ወደ ሬዲዮዎ ይመለሱ ነበር።

በሮቹ ቢለወጡ ግድ የለኝም። ቀዳዳዋ ስትደፈን ግን ቆሜ ማየት አቃተኝ። እርስዎ የሉ፣ እሷም ከሄደች ከእንግዲህ ማን ጅቢት ይለኛል?

ስለዚህ የልብስ እጥበቱን ውሃ በባልዲ እየተሸከምኩ ባሕር ዛፉ ሥር ደፋሁት። ግንበኛው ሲመጣ ፊቴን ኮስተር አድርጌ፣ የጭላሎ ዝናብ ሁልጊዜ እዚህ እንደሚተኛ፣ መውጫ ካልተወለት ግንቡን ይዞት እንደሚሄድ አስረዳሁት። ሰውየው ሰማዩን አየ። ጠራራ ፀሐይ! ከዚያ ጎንበስ አለና፣ ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ ይሄ ዝናብ ሳሙና ሳሙና ይላል አለኝ። ለውሃ ከሆነ ደግሞ ቀጭን ቱቦ ይበቃል አለ። ቀጭን ቱቦ! እንኳን ጅብ እንቁራሪት አያሳልፍም።

እማዬ ወጣች። ኩሬውን አየች፣ ባልዲውን አየች፣ እኔን አየች። አለቀልኝ ስል፣ በክንዷ እየለካች ሰፋ አድርገህ ተውልን፣ የዚህ ቤት ውሃ ብዙ ነው አለችው። ከዚያ እዚያው ቆማ ብቻዋን ሳቀች። እርስዎ ከሄዱ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። እስቲ እውነቱን ይንገሩኝ አባባ፣ ከኔ በፊት ሌላ ጅቢት ነበረች እንዴ?

ግንቡ አልቋል፣ ያምራል። ሲመሽ ሸዋ በርን የምዘጋው እኔ ነኝ። ቁልፉን ጋቢዎ የተሰቀለበት ምስማር ላይ አንጠለጥልና “ተዘግቷል፣ አሚር!” እላለሁ። ይህን ሳልል አላድርም፤ እዚህ ቤት እስካለሁ አልተውዎትም።

ከባድ ዜና ያልኩዎት እንግዲህ ይኸው ነው፤ አንዲት ቀዳዳ። ያውም እኔ ወፍሬ አልገባባትም። የጎረቤት ድመት ናት የምትመላለስባት።

ጅቢትዎ