እትዬ ዝምታና ከወንዝ ማዶ የነበረባቸው ዕዳ

ያ ዓመት ክፉ ነበር። ዝናቡ ቀረ። ጉድጓዱ ደረቀ። ከብቱ አለቀ፤ ቀጥሎ ሕፃናት በተቅማጥ ይረግፉ ጀመር። ከአንድ ቤት ሁለት ሬሳ የወጣበት ቀን ነበር።

እህታችን በዚያ ወቅት፣ በ1947 ዓ.ም.፣ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ተወለዱ። ከእሳቸው በላይ ከነበሩት ልጆች ሁለቱ በዚያው ወራት ሞተዋል። የተረፉት ታላቅ ወንድማቸው ብቻ ሲሆኑ፣ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጁትም እሳቸው ናቸው።

ከልጅነታቸው ጀምሮ ንግግር አያበዙም ነበር። ሲጠየቁ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋሉ፤ አዎ ማለታቸው ነው። አባታቸው፣ ይህች ልጅ ቃል ስታወጣ ከኪሷ የሚጎድል ይመስላታል እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። በ1967 ዓ.ም. ከነርስ ትምህርት ቤት ተመርቀው በሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ተቀጠሩ። የሥራ ባልደረቦቻቸው «እትዬ ዝምታ» ያሏቸው ያን ጊዜ ነው። የክፍሉን መስኮት ራሳቸው ይወለውሉ ነበር፤ የታመመ ልጅ ደጁን ማየት አለበት ይሉ ነበር።

በ1971 ዓ.ም. ከአውቶቡስ ሹፌር ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ መሥርተው አንድ ወንድና ሁለት ሴት ልጆች አፍርተዋል። ባለቤታቸው፣ አገር ምድሩን የምዞረው እኔ፣ ከቤት የምትጠፋው እሷ ይሉ ነበር። ባለቤታቸው በ1995 ዓ.ም. አረፉ።

በ1997 ዓ.ም. እህታችን ከበጎ ፈቃደኛ ሐኪሞች ጋር ወደ ሰው አገር ሄዱ። የመኪና መንገዱ አልቆ፣ ወንዝ በጀልባ ተሻግረው የደረሱበት መንደር ክሊኒክ አልነበረውም። ሁለት ክፍል ያለው ትምህርት ቤት ተሰጣቸው። ዴስክ ከዴስክ ገጥሞ አልጋ ሆነ፤ ግሉኮሱ በጥቁር ሰሌዳው ምስማር ላይ ተንጠለጠለ። የሚያስተረጉምላቸው የመንደሩ መምህር ነበር።

አንዲት እናት ተቅማጥ ያደረቀውን ልጇን ይዛ መጣች። እህታችን መርፌውን አስገቡ፤ ግሉኮሱ መውረድ ጀመረ፤ ልጁም ዓይኑን ገለጠ። መምህሩ ለጊዜው ወጣ ብሎ ነበር። እናቲቱ ይድናል ወይ ብላ ጠየቀች። «ይድናል» የምትለዋን ቃል እህታችን ለምደዋት ነበር። ፕላስተሩን በጥርሳቸው እንደያዙ፣ እንደ ልማዳቸው ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ።

በዚያ መንደር ግን ትንፋሹን እንዲያ የሚስበው፣ ሬሳ ያየ ሰው ነው። እናቲቱ ልጄ አለቀለት አለች፤ ከሞተም በቤቱ ይሙት ብላ ቆረጠች። እህታችን ሁለተኛውን ግሉኮስ ሊያመጡ ዞር ሲሉ መርፌውን ነቅላ፣ ልጇን አዝላ ወጣች። ሮጠው ወንዙ ዳር ሲደርሱባት ልጁ በጀርባዋ ላይ ሞቶ ነበር። ምክንያቱን የተረዱት መምህሩ መጥቶ የሁለቱን ነገር ካስተረጎመ በኋላ ነው።

አገራቸው ተመለሱ። ለወንድማቸው ብቻ ነገሯቸው። ወንድማቸው ሊያጽናኗቸው ፈልገው፣ ትንፋሽ ሰው አይገድልም አሉ።

«ጋሼ፣ የኔ ገደለ» ሲሉ መለሱ።

ከዚያ ወዲህ እህታችን አዎ ሲሉ አፋቸውን ሞልተው ነበር። ዝምታ በስተርጅና አፍ አወጣች ተብሎ በሆስፒታሉ ተሳቀ።

በየዓመቱ በእረፍታቸው ወደዚያ መንደር ይመለሱ ነበር። እናቲቱ ስታያቸው መንገድ ትቀይራለች። ይቅርታ ለምን አትለምኚያትም ሲባሉ፣ የምከፍለው እንጂ የምጠይቀው የለኝም ይሉ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. የጉበት ሕመም ጀመራቸው። ወንድማቸው፣ አሁን ብትሄጂ እህቴ አይደለሽም አሏቸው። እሳቸው ሻንጣቸውን አሰሩ። ወንድማቸውም እያጉረመረሙ እስከ መኪናው ተሸከሙላቸው።

በዚያ ክረምት ወንዙ ሞልቶ መንደሩን በሽታ መታው። ያቺ እናት በቃሬዛ መጣች። ከእህታችን እጅ ውኃ አልቀበልም ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እሳቸውም ኩባያውን በመምህሩ ሚስት እጅ እየላኩ፣ ከሥሯ ያለውን ቆሻሻ ያነሱ፣ ልብሷን ያጥቡ ነበር። ኋላ የመምህሩ ሚስትም ታማ ተኛች፤ የሚያቀብል ጠፋ። እናቲቱ ዞራ ከእጃቸው ተቀብላ ጠጣች። ዳነች። አንድ ቃል ሳትናገር ወደ ቤቷ ሄደች።

እህታችን ከዚያ መልስ ሕመማቸው ጸንቶ ተኙ። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው መጋቢት 9 ቀን 2010 ዓ.ም. በተወለዱ በ63 ዓመታቸው አርፈዋል። ሦስት ልጆቻቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና ወንድማቸው ቀርተዋል።

ሊያርፉ ጥቂት ቀናት ሲቀራቸው መምህሩ ስልክ ደወለ። እናቲቱ አጠገቡ ነበረች። ወንድማቸው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያዙላቸው። እናቲቱ ያን ሁሉ ዓመት ያልነገረቻቸውን የሟች ልጇን ስም ነገረቻቸው። እህታችን በደከመ ድምፅ ደግመው ጠሩት። መምህሩም ቀጥላ ያለችውን አስተረጎመ፤ «ከእኔ ጋር ዕዳ የለብሽም፤ በሰላም ሂጂ።»

ስሙን ወንድማቸው ሰምተዋል። የሁለቱ ሴቶች ስለሆነ እዚህ አልተጻፈም።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ ዘንድ ያኑር። የእኔ ዕዳ ነበረባቸው የሚል ካለ ወንድማቸውን ይጠይቅ። ትልቁ ግን ተከፍሏል።