የከድር ቋጠሮ

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ወንድሜ ከድር ከሞተ ሦስት ወር ሆነው። ከዚያ ወዲህ ትራክተሩን የነካው ሰው አልነበረም። ትናንት አባባ ሊያርስበት ቢያስነሳው መሪው አልዞር አለው። የቡታጅራው መካኒክም «የመሪው ፓምፕ ሞቷል» ስላለው አባባ ሊሸጠው ቆርጧል።

ዛሬ ትምህርት ስለሌለ የመሪውን ዘይት መያዣ ከፍቼ አየሁት። አረፋ ብቻ ነው። ከድር «አረፋ ካየህ አየር ገብቶ ነው፤ ፓምፑን አትማው» ይለኝ ነበር። ወደ ፓምፑ የሚሄደውን ቱቦ በእጄ እየዳበስኩ ተከተልኩት። መሃሉ ተሰንጥቋል። ከድር ስንጥቁን በባጃጅ የውስጥ ጎማ ቁራጭ ጠፍሮ፣ እንደ በሬ ማሰሪያ ሦስት ጊዜ ቋጥሮታል። አሁን ጎማው ደርቋል፤ አየሩ የሚገባው በዚያ ነው።

አጠገቡ ብዙ ተቀመጥኩ። ካልፈታሁት ትራክተሩ ይሸጣል። ግን በእጁ እንዳሰረው የቀረ ሌላ ነገር የለንም። ቋጠሮው በእጄ እምቢ ሲለኝ በጥርሴ ፈታሁት።

ከከተማ አዲስ ቱቦ አምጥቼ ቀየርኩ። ዘይት ሞልቼ መሪውን ግራና ቀኝ ደጋግሜ ሳዞረው አረፋው ጠፋ። አባባ መጥቶ በአንድ እጁ አዞረው።

«ምን ሆኖ ነው?»

«አየር ገብቶበት።»

«ከድር ቢኖር ይሄ አይደርስም ነበር» አለ።

የጎማው ቁራጭ ኪሴ ውስጥ ነበር።

«አዎ አባባ» አልኩት።