ጋቢናው ውስጥ ያልነበርኩበት ቀን

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 8 ቀን 1976

የድሬዳዋ ሙቀት አይጣል። ቢሮው ውስጥ የሚሠራው ማራገቢያ አንድ ብቻ፣ እሱም ወደ ኃላፊያችን ዞሮ። ግን ነገ መስክ! ከተመረቅሁ ወዲህ የመጀመሪያዬ። መልካ ጀብዱ፣ የመሠረተ ትምህርት ጣቢያዎችን ልናይ። ሸሚዜን አጥቤ አሰጣሁ፤ ዞር ሳልል ደረቀ።

ሾፌራችን አብዲቃድር አይቶኝ ሳቀ። «ዋርያ ዲግሪ! ነገ ጋቢና ያንተ ነው አቦ። ጋሽ ጉግሳ ከኋላ ይጫን፣ ነፋስ ይብላው።»

ጋሽ ጉግሳ አብሮኝ ይሠራል፤ በዕድሜ አባቴ ይሆናል። «እንዲያውም ተገላገልኩ፣ ያንተን ወሬ ከመስማት» አለው።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 9



ጠዋት ደረቁን የደቻቱ ወንዝ በአሸዋው ላቋርጥ ስል ሰው ጮኸ። ደራሽ! ድሬ ላይ ጠብታ የለም፤ ለካ ደጋው ላይ ዘንቧል። በድልድዩ ዞሬ ብደርስ መኪናው ሄዷል። ወንዙን ስረግመው አረፈድኩ።

እኩለ ቀን ላይ ወሬው መጣ። መኪናው ተገልብጧል። ከኋላ የነበሩት አሸዋ ላይ ተወርውረው ተርፈዋል፤ ጋቢናው ግን ተጨፍልቋል... ጋቢናው! የእኔ ቦታ! ብድግ አልኩ። «ተመስገን ገብርኤልዬ! ተመስገን!» ቢሮው በሙሉ እስኪሰማ።

ዞር ስል እትዬ በለጠች በሩ ላይ። የጋሽ ጉግሳ ሚስት። ገበያ ላይ ሰምታ እየሮጠች የመጣች፣ አንድ እግሯ ባዶ፣ ነጠላዋ መሬት ይጎተታል።

«ማን ነበር ጋቢና?» አለች። ከሰው ሁሉ መርጣ እኔን።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 10

አብዲቃድር ትናንት አመሻሽ ላይ አረፈ። በእኔ ቦታ ጋቢና የገባው ጋሽ ጉግሳ ይተርፋል አሉ፤ እግሩን ግን እንጃ።

ቀብር ሄድኩ። ሰዉ ትከሻዬን መታ እያደረገ፣ «እንኳን አተረፈህ!» ይለኛል። አፈሩ ገና ሳይደርቅ! ምን ይመለሳል? «ያኑርህ» እላለሁ፣ አንገቴን ደፍቼ።

ቅዳሜ በውይይት ክበቡ «ዕድል የሚባል ነገር የለም» ብዬ ያስተማርኩትስ? እኔው ነኝ። ዕድሉም ደርሶኝ፣ አፌም ቀድሞኝ...

እሑድ፣ ነሐሴ 13

ሆስፒታሉ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። የያዝኩትን ብርቱካን ለዘበኛው ሰጠሁት። ፈሪ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 16

ገባሁ። ጋሽ ጉግሳ ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። «ና ዲግሪ» አለ። «ያን ወሬኛ አጣነው፣ አይደል?» ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ቦታው የእኔ ነበር ጋሼ።»

«አንተማ ቅልጥምህ ረጅም ነው። ሁለቱንም ይቆርጡልህ ነበር።»

ቀልዱ! ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስወጣ እትዬ በለጠች ኮሪደሩ ላይ። እግሯ ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ክንዴን ያዘችኝ። «ተው፣ ሰው ያያል።»

«እትዬ፣ ያን ቀን ያልኩት...»

«ሰምቼሃለሁ። አንጀቴን ነው ያሳረርከው። ቆይ፣ እኔስ ያደረግሁትን ታውቃለህ? ነርሷ ወጥታ ‹ሾፌሩ አልፏል፣ ሌላው ይተርፋል› ስትል እልል አልኩ። እልል! ሸፊቃ እጄን ይዛኝ ቆማ!»

ሸፊቃ የአብዲቃድር ሚስት ናት።

«ቤቷ ልሄድ አስባለሁ፣ እግሬ እምቢ ይለኛል» አለች። «አብረኸኝ ሂድ።»

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 22

ሄድን። ሸፊቃ ባሏ ከሞተ ወዲህ ዒዳ ላይ ናት፤ ባዳ ወንድ ፊት አትወጣም። እኔን ከመጋረጃው ወዲህ ምንጣፍ ላይ አስቀመጡኝ፤ እትዬ በለጠች ወዲያ ገባች። መንገድ ሙሉ ያጠናሁት ቃል ጥፍት አለብኝ።

ከውስጥ የእትዬ ድምፅ፤ «ሸፊቃ፣ ያን ዕለት እኔ...» አልጨረሰችውም።

«ጋሽ ጉግሳስ?» አለች ሸፊቃ። ድምፅዋ ደክሟል። «እግሩን ነገሩኝ። ቁስሉ እንዴት ነው?»

«እየደረቀ ነው።»

«እህል ይቀምሳል?»

«ይቀምሳል።»

«አልሐምዱሊላህ።» ቀጠለች። «ያ ልጅስ? ዲግሪው? አብዲ ‹ነገ ጋቢና ላስቀምጠው ነው› ሲል ነበር፣ ወላሂ። እሱ አልነበረም አይደል?»

እትዬ በለጠች መልሱን ለእኔ ተወችው።

«አልነበርኩም» አልኩ ከመጋረጃው ወዲህ።

«አልሐምዱሊላህ» አለች፣ አሁንም። «አልሐምዱሊላህ ወንድሜ።»

መጋረጃው ባይኖር ኖሮ የት እገባ ነበር?