የአባትሽ ሳጥን፣ የእኔ እርሳስ

ስኬልደርቢ፣ ዮርክሻየር
እሑድ፣ ማርች 9 ቀን 1997

ለምወድሽ ልጄ ለዶሪን፣

ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰኝ። የሌን ጉልበት ስለተሻለው ደስ ብሎኛል። በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው ጉልበቱን ብቻ ስላመመው ያመስግን፤ አማትህ ናት ያለችው ብለሽ ንገሪው። ኒውዚላንድ አሁን ሙቀት ነው ብለሻል። እዚህ ከገና ጀምሮ ፀሐይ ሁለት ጊዜ ወጥታለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ጥርስ ሐኪም ቤት ነበርኩ።

የከተማው ምክር ቤት በግንቦት በራችን ላይ ስለሚሰቅለው የአባትሽ መታሰቢያ ሰሌዳ የጻፍሽውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «የሌንን የባቡር ጣቢያ በብዕር ጫፍ ለዘጋ ሚኒስትር ክብር ሲሰጥ ለማየት ግማሽ ዓለም አላቋርጥም» ብለሻል። ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነው። አንድ ስሕተት ግን አለበት። ብዕር አልነበረም፤ እርሳስ ነበር። እርሳሱን የያዝኩትም እኔ ነኝ።

ቁጭ በይና አንብቢው። ሻዩን ሌን ያፍላ።

ዓርብ ዓርብ ያቺ ቀይ ሳጥን የሚኒስቴሩን ወረቀት ይዛ ከለንደን በመኪና ስትመጣ ታስታውሻለሽ። አባትሽ ቅዳሜን ሙሉ በፓርቲው አዳራሽ ተቀምጦ የመራጮቹን አቤቱታ ሲሰማ ይውላል፤ ስለተደፈነ ቦይ፣ ስለ ጡረታ፣ ስለ ጎረቤት ውሻ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሳጥኗን ይከፍታል፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ አገጩ ደረቱ ላይ ያርፋል። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ሾፌሩ በር ላይ ነው፤ ወረቀቱ ሁሉ መልስ ይፈልጋል።

እኔ በአሥራ አራት ዓመቴ ከትምህርት ቤት ወጥቼ ክር ፋብሪካ የገባሁ ሰው ነኝ። ያነበብኩትን ሁሉ ያነበብኩት ከከተማው ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ምን እንደሚቀድም የሚነግረኝ ስላልነበረ በመደርደሪያው ቅደም ተከተል ሄድኩ። ንብ እርባታን ከናፖሊዮን በፊት ያወቅኩት ለዚህ ነው። የሚነበብ ነገር ቤቴ ውስጥ ተከፍቶ እያየሁ ማለፍ አልችልም። መጀመሪያ ማንበብ ብቻ ነበር። ከዚያ የሰዋስው ስሕተት አረምኩ። ከዚያ አንድ እሑድ ስለ አውቶቡስ መርሐ ግብር በተጻፈ ወረቀት ኅዳግ ላይ «ይህን የጻፈው ሰው አውቶቡስ ተሳፍሮ ያውቃል?» ብዬ ጻፍኩ።

በሁለተኛው ሳምንት መልሱ መጣ። አባትሽ ቁርስ ላይ ጮክ ብሎ አነበበው፤ «ክቡር ሚኒስትሩ በጠየቁት መሠረት የክፍሉ ሠራተኞች በሙሉ ለአንድ ሳምንት በአውቶቡስ እንዲመጡ ተደርጓል። ሁለቱ እስካሁን አልደረሱም።»

«ኤልሲ፣ እኔ እንዲህ ብዬ ጽፌአለሁ እንዴ?» አለኝ።

«ጽፈሃል» አልኩት።

«እኔ ጎበዝ ነኛ!» አለና እንቁላሉን አናቱን ብሎ ሰበረው።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ እርሳሱን ቀርጾ ሳጥኗ ላይ ካስቀመጠ በኋላ ነበር የሚያንቀላፋው። አንዳንዴ ዓይኑን እንደጨፈነ «አባሪውንም አንብቢ፣ ኤልሲ» ይለኛል። የተኛ ሰው እንዲህ እንደማይል አውቃለሁ። አልተነጋገርንበትም። በመሥሪያ ቤቱ ወረቀት በጥንቃቄ በማንበብ የመጀመሪያው ሚኒስትር እሱ ነው ይባል ነበር። እኔ በዚህ አልኮራም። «ሚኒስትሩ ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አንብበው ሁለት ጊዜ አልገባቸውም» የሚለውንም የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በእሱም አልኮራም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

የዚያ መሥሪያ ቤት ሰዎች ሲጽፉ ደረቅ ብስኩት የሚያኝኩ ይመስሉ ነበር። ዊዘርስ የሚባል አንድ ሰው ብቻ እንደ ሰው ይጽፋል። መልኩን አይቼው አላውቅም፤ የጻፈውን ግን ሁሉ አጸድቅለት ነበር። አንድ ጊዜ ድልድይ አጽድቄለታለሁ። ድልድዩ እስካሁን ቆሟል።

በ1965 የካቲት ውስጥ በአንዱ እሑድ የዊዘርስ ወረቀት መጣ፤ ተሳፋሪ ስላጡ የባቡር መስመሮች። ባዶ ፉርጎ ውስጥ ስለሚበራ መብራት፣ ማንም የማይወርድበት ጣቢያ ላይ ሰዓቱን አክብሮ ስለሚያፏጭ ጠባቂ ጽፎ ነበር። አለቀስኩ፣ ዶሪን። በመንግሥት ወረቀት ላይ አለቀስኩ። መጨረሻው ላይ «አሥራ አንዱ መስመሮች እንዲዘጉ፣ ዝርዝሩ በአባሪው» ይላል። ይኼኔ ለምሳ ምድጃ ውስጥ የከተትኩት ሥጋ ማረር ማረር ሸተተኝ። አባሪውን ሳልገልጥ «እስማማለሁ» ከሚለው ፊት ራይት አደረግኩና ወደ ምድጃው ሮጥኩ።

ሰባተኛው መስመር የእኛ ነበር።

አንቺና ሌን እዚያው ምሳ ላይ ነበራችሁ። ጥር ላይ ቀለበት ካሰረልሽ ገና ወሩ ነው፤ እሱ ለባቡሮች ምልክት ሰጪ ሆኖ በሚሠራበት ጣቢያ የሚሰጣችሁን ቤት መጋረጃ ስትመርጡ ነበር። ሌን ሥጋው ግሩም ነው አለኝ። ሥጋው ከሰል ነበር።

ዝርዝሩ ጋዜጣ ላይ ከወጣ በኋላ የሆነውን አንቺ ታውቂዋለሽ። «ሳታስበው፣ በምሳና በጣፋጩ መሃል ዘጋኸው!» ብለሽ አባትሽ ላይ ጮኽሽ። «ውሳኔው የእኔ ነው» አለሽ። እኔ አፌን ስከፍት በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ፤ በቤተ ክርስቲያን ጫማው። ፓርላማ ውስጥም ከተቃዋሚዎቹ አንዱ ተነሥቶ «ክቡር ሚኒስትሩ ወረቀቱን አንብበውታል ወይ?» ብሎ ሲጠይቀው «ቃል በቃል፣ አባሪውን ጨምሮ» አለ። የበጎች ቁጥር በሦስት ስለተሳሳተ ብቻ ተመልሶ ፓርላማውን ይቅርታ የጠየቀ ሰው ነው። እዚያ ውስጥ የዋሸው ያን ቀን ብቻ ነው። በሐምሌው ሹም ሽር ስሙ ቀረ፤ በሚቀጥለው ምርጫ ወንበሩም ሄደ።

የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ሲያጠፋ ሚኒስትሩ «የእኔ ነው» ማለቱ የቆየ ደንብ ነው። አባትሽ ደንቡን እስከ ወጥ ቤት ዘረጋው።

ወደ ኒውዚላንድ መርከብ ልትሳፈሩ ሁለት ቀን ሲቀራችሁ «እነግራታለሁ» አልኩት። ጫማውን ሲያስር ነበር፤ ቀና አላለም።

«እኔን ብትጠላኝ ፓርላማ አለኝ፤ መጠላቱን እዚያ ለምደነዋል። አንቺን ብትጠላሽ ማን አለሽ?»

እንደማልነግርሽ ቃል ገባሁለት። ምክንያቱ ጥሩ ስለነበረ አይደለም፤ ስለተመቸኝ ነው። በዓመቱ እሱም ፓርላማ አልነበረውም፤ ሁለታችን ብቻ ነበርን። በየገናው የአንቺን ካርድ ሲያነሣ «ለእማዬ» የሚለውን አንብቦ መልሶ ከምድጃው በላይ ያቆመዋል፤ ፊቱን ወደ ክፍሉ አዙሮ፣ እንግዳ እንዲያየው። ሲቀበር ስም የሌለው አበባ የላክሽው አንቺ እንደሆንሽ አውቄአለሁ። አራት ዓመት ሊሆነው ነው። ቃል የገባሁለት እስኪሞት ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ፣ ከሞተ በኋላም አራት ዓመት ፈራሁ።

ያስነሣኝ ዶክተር ፍሮጋት ነው። የአባትሽን የሕይወት ታሪክና ሥራ የሚጽፍ ወጣት ነው፤ ፂሙ ውስጥ ፍርፋሪ አይጠፋም። ሠላሳ ዓመት የሞላቸው ፋይሎች ስለተከፈቱ ያንን ገጽ አባዝቶ ይዞልኝ መጣ።

«ይገርምዎታል ሚስስ ግሪንሃልጅ፣ ባለቤትዎ ሁለት ዓይነት የእጅ ጽሑፍ ነበራቸው! አንዱ ለአደባባይ፣ አንዱ ለልባቸው። ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቼዋለሁ። ይህች ነጠብጣብ ደግሞ የውስኪ ናት፤ ውሳኔው ምን ያህል እንዳስጨነቃቸው ያሳያል።»

«የመረቅ ናት» አልኩት። «ጽሑፉም የእኔ ነው። ራይቱም።»

ሲኒውን አስቀመጠና እጄን መታ መታ አደረገው። «ኀዘን እንዲህ ያደርጋል። የአንድ ጄኔራል ሚስትም ጦርነቱን የመራሁት እኔ ነኝ ብለውኛል።»

«መርተውት ይሆናላ» አልኩት።

ሳቀና ሦስተኛ ቁራጭ ኬክ ወሰደ። እርሳስ አምጥቼ ፊቱ ልጽፍለት ተነሣሁ። «አይድከሙ፣ ይቀመጡ፤ ባልና ሚስት አብረው ሲያረጁ ጽሑፋቸውም እየተመሳሰለ ይሄዳል፤ ይህንንም ማስታወሻ እይዘዋለሁ» አለኝ። ልጄ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት የፈራሁትን ኀጢአት ተናዝዤ የሚያምነኝ ሰው አጣሁ።

ስለዚህ የቀረሽኝ አንቺ ነሽ። ገጹን ከዚህ ጋር አጥፌ ልኬልሻለሁ። ሌን ሳያይ በፊት ለብቻሽ እዪው። ያንን የእጅ ጽሑፍ በየወሩ ፖስታ ላይ ስታዪው ኖረሻል፤ አንቺን ማንም ዶክተር አያሳስትሽም።

ለሰሌዳው አትምጪ። እኔ ላይ ልትጮኺ ነይ። ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው፤ ጆሮዬ ደህና ነው፤ የምትይውን ሁሉ እሰማለሁ። ከሃውብሪጅ ከተማ እዚህ ድረስ አውቶቡስ ነው የሚመጣው፤ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ባቡር የለም፤ ለምን እንደሌለ አሁን ታውቂያለሽ። እስክትደርሺ የምትናገሪውን አዘጋጂ። ስትወርጂ ግን መጀመሪያ ወደ እኔ አትምጪ። የአባትሽ መቃብር ከፌርማታው ፊት ለፊት ነው፤ የግቢው በር ይከብዳል፣ በትከሻሽ ግፊው። የፈለግሽውን ያህል ቆዪ። ምሳው ይቀዘቅዛል ብለሽ አትቸኩዪ። እሱ ብዙ ጠብቆሻል፤ አሁን የመጠበቁ ተራ የእኔ ነው።

መንገድሽን ያቅናልሽ፤ የሌንንም ጉልበት ይጠብቅልሽ። ባትመጪም ይባርክሽ።

እናትሽ፣
ኤልሲ