ሳልፈርም የመለስኳቸው ደብዳቤዎች

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለዴልበርት። ከተለያየን ጀምሮ እንደምን ሰነበትክ? የአላስካው የኮዲያክ ብርድ እንዴት አድርጎሃል? ጉልበትህስ ተሻለህ? ሚስትህ ሎሬትና ልጃችሁ ኔል ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። እማማም እህል ትቀምሳለች፤ በረንዳው ላይ ተቀምጣ የአባባን የፒካን ዛፍ ከቁራ ትጠብቃለች።

ዴልበርት፣ የቀረውን ቁጭ ብለህ አንብበው። ቤታችን ተሸጧል።

ጎርፍ ጋራዡ የገባ ጊዜ፣ “የሰፈሩ ማኅበር የውኃ መውረጃውን እስኪጠርግ አንዲት ሳንቲም መዋጮ አልከፍልም” አልከኝ። እኔም ደግ አደረግክ አልኩ። ለካ ሕጉ እንዲያ አይልም፤ መውረጃው ሌላ፣ መዋጮው ሌላ ነው። ማኅበሩ ላልተከፈለው መዋጮ ቤቱን በመያዣነት አስመዘገበ፤ ፍርድ ቤት ሄዶ አስፈረደ፤ በኦገስት የመጀመሪያው ማክሰኞ በሐራጅ ሸጠው።

ሳያሳውቁን እንዴት እንዳትል። አሳውቀዋል፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። አባባ “ያላዘዛችሁትን ፈርማችሁ አትቀበሉ” ይለን አልነበር? በስምህ የፊርማ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር መለስኩት፤ ያልፈረምኩበት ያልደረሰ መስሎኝ። ፖስተኛው ሩፈስ “ዊላ፣ ዛሬም ብዕሬ ሊነክስሽ ነው?” እያለ ይስቅብኝ ነበር። አራት ጊዜ መለስኩ።

ያወቅሁት ገዢው በር ሲያንኳኳ ነው። ልጅ እግር ነው። ባርኔጣውን አውልቆ “እናቴ፣ አልቸኩልም፤ ከፈለጉ ተከራይተው ይቀመጡ” አለኝ። አባባ በሠራው ቤት ተከራይ! እማማ ከውስጥ “ማነው?” ብትል “መንገድ የጠፋበት ሰው ነው” አልኳት። እስከ ዛሬ አታውቅም።

ሩፈስ ከዚያ በኋላ ያመጣውን ግን ፈርሜ ተቀበልኩ። ማኅበሩ ቤቱን መሸጡን የሚገልጽ ነው። ቃሉ ቢከብደኝ ቤተ መጻሕፍት ይዤው ሄጄ፣ ከሕጉ ጋር እያስተያየሁ መስመር በመስመር ገለበጥኩት። አንድ በር ገና አልተዘጋም። ያ ደብዳቤ ከተላከ በመቶ ሰማንያ ቀን ውስጥ ባለቤቱ ዕዳውንና ገዢው ያወጣውን ከፍሎ ቤቱን ማስመለስ ይችላል። ባለቤቱ ነው የሚለው፤ የቤቱ ካርታ ላይ ያለው ደግሞ ያንተ ስም ብቻ ነው። ሃምሳ ስምንቱ ቀን አልቋል። የበላሁት እኔ ነኝ፤ በስልክ ስትቆጣ ቃል ይጠፋብኛልና ፈራሁ።

ስለ ገንዘቡ አታስብ። ለጥርሴ ያስቀመጥኩት አለ፤ በድዴም ቢሆን አኝካለሁ። የጎደለኝ ውክልና ነው። ወረቀቱ ከዚህ ጋር ተያይዟል፤ ሰነድ አረጋጋጭ ፊት ፈርመህ መልስልኝ። ልትቆጣኝ ብትፈልግ ከፈረምክ በኋላ ተቆጣ።

ሎሬትን ሳምልኝ። ለኔል የፒካን ፍሬ እየፈለፈልኩላት ነው በላት። እማማ ደረትህን ሸፍን ብላሃለች፤ ለገና ስትመጣ የምትተኛበትን ክፍል ጠርጊ እያለች ትጨቀጭቀኛለች። ጠርጌዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ በፊርማ ነው የላክሁት። እያነበብከው ከሆነ ፈርመህ ተቀብለሃል፤ አባባ ይቅር ይበለን። አንዴ ከጀመርክ አይቀር፣ ብዕሩን ሳታስቀምጥ ሁለተኛውንም ፈርም።

እህትህ ዊላ
ፔርላንድ፣ ቴክሳስ
ኦክቶበር 9 ቀን 2019