ያላደረ ውሃ

ደብረ ታቦር፣ የካቲት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሕይወት፣

የአርባ ምንጭ ሙቀትና አዲሱ ሥራሽ እንዴት ይዘውሻል? እኔና አክስትሽ ፈንታነሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጋቢያችንን ተከናንበን ጾሙን ይዘናል። ይህን ደብዳቤ ሐሙስ ወደዚያ የሚሄደው የጎረቤታችን ልጅ ሲሳይ ያደርስልሻል። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ምን እንደበላሽ ጠይቄሽ ዘጋሁ። ፈሪ ነኝ ልጄ።

ዓሦችሽን የገደልኳቸው እኔ ነኝ።

ስትሄጂ ያስጠናሽኝን አልረሳሁትም። የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ እስኪተን በርሜል ውስጥ ሁለት ቀን ይደር፤ ከየዓሦቹ የመስታወት ገንዳ የውሃውን ሩብ ብቻ በጎማ ሳብና ከበርሜሉ ሙላ፤ አምስቱም በግማሽ ሰዓት ያልቃሉ ብለሽኛል። በርሜሉን ከፍ አድርገሽ ያስቀመጥሽውም ለወገቤ አዝነሽ ነው። ጥር 13 ቀን ግን ከዘጠኝ ቀን በኋላ ውሃ መጣ። በርሜሉ ባዶ ነበር፣ መስታወቶቹም አረንጓዴ ሆነዋል። ነገ ተመልሶ ይጠፋል ብዬ ጎማውን ቧንቧው ላይ ሰካሁና፣ አሮጌውን ውሃ በየተራ እስከ ጠጠሩ አፍስሼ በቀጥታ ሞላሁባቸው። "እሷ ግማሽ ሰዓት ትላለች፣ እኔ በሃያ ደቂቃ!" እያልኩ እኩራራ ነበር። የክሎሪኑ ሽታ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማረ ሰው ክሎሪን እየሸተተው ዝም አለ! አራቱን ሞልቼ ወደ አምስተኛው ስዞር ውሃው ተቋረጠ። ከምሳ በኋላ ስመለስ የአራቱ መስታወት ዓሦች ተገልብጠው ተንሳፍፈዋል።

ይህ ብቻ ቢሆን ይቅርታ ጠይቄሽ እገላገል ነበር። የሚያሳፍረኝ ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነው። አክስትሽ ለጥምቀት ከባሕረ ጥምቀቱ በጠርሙስ ጠበል ይዛ መጥታ፣ "እነዚህም ፍጥረት ናቸው፤ ልጄ ስትመለስ ደህና ሆነው ታግኛቸው" ብላ ለአምስቱም ጠብ ጠብ አድርጋላቸው ነበር። አንቺ ስትደውዪ ዓሦችሽ ሁሉም አለቁ ብዬሽ "ምን ነካቸው?" ስትዪኝ፣ "አክስትሽ ጠበል ጨምራባቸው ነበር" አልኩሽ። ሳላስብ አመለጠኝ ብልሽ ሌላ ውሸት ይሆናል። ሁሉም አለቁ ማለቴም ውሸት ነበር። አምስተኛው መስታወት ውስጥ ያሉት ስድስቱ ደህና ናቸው። ጠበሉ እዚያም ገብቷልና፣ ይህን ብትሰሚ ወዲያው ይገባሻል ብዬ ደበቅሁሽ።

"ሁለተኛ ዕቃዬን እንዳትነኪብኝ" ብለሽ ስትጮሂባት አጠገቧ ቆሜ ነበር። እናትሽ ከሞተች ጀምሮ አዝላ ያሳደገችሽ ሴት ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ "እሺ እናቴ፣ እሺ" አለች። ከዚያ ወዲህ ወደ ዓሦቹ ክፍል ገብታ አታውቅም፤ የተረፉ እንዳሉም አልነገርኳትም። የነፍስ አባቷ "ይህ ኃጢአት አይባልም" ቢሏትም፣ "ልጄን አሳዝኛታለሁ" ብላ በየቀኑ አርባ ትሰግዳለች። ጉልበቷን ታውቂዋለሽ። ግድግዳ ይዛ ስትነሣ እኔ መጽሐፍ የማነብ መስዬ አቀረቅራለሁ።

አሁንም አጠገቤ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። ማንበብ ስለማትችል የምጽፈውን አታውቅም። "የእኔንም ይቅርታ ጻፍልኝ፤ ባለማወቅ ነው በላት" አለችኝ። "እየጻፍኩ ነው" አልኳት።

ለስድስቱ አትስጊ፤ አሁን ውሃው ሁለት ቀን ሳያድር አልነካቸውም። እኔን እንደፈለግሽ ተቆጪኝ። ለእሷ ግን ደውዪላት። ይህንንም ለእሷ ሳላነብላት ለሲሳይ አልሰጥም።

እመቤቴ ማርያም በሄድሽበት ሁሉ ትከተልሽ፤ ከክፉ ሰውም ከፈሪ ሰውም ትጠብቅሽ።

ያፈረው አባትሽ፣
ይሻው

ድኅረ ጽሑፍ፦ አነበብኩላት። እንዝርቷን አስቀመጠች። ከዚያ "ስድስቱ አሉ?" ብላ ጠየቀችኝና በርጩማዋን ይዛ ወደ ክፍሉ ገባች። በሩን ከውስጥ ዘግታዋለች፤ እኔ ደጅ ቆሜያለሁ።